ቁጥርን ወደ አካፋዮቹ መመለስ፦ የአንድ ዳገት ታሪክ



የማቀርበው የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው። ጥያቄውን የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሳይቸገር ይረዳዋል፤ አንድ ሙሉ ቁጥር ቢሰጠን በየትኞቹ ቁጥሮች ብዜት እንደ ተገኘ እንዴት እናውቃለን? 13ን በ97 አባዙ ብትሉ እርሳስና ወረቀት የያዘ ልጅ ሁሉ 1,261 ብሎ ይመልሳል። 1,261 የማንና የማን ብዜት ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ግን በዚህ አዳራሽ የተቀመጡት አንጋፋ ባልደረቦቼ እንኳ ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላሉ። ማባዛት ቁልቁለት ነው፤ ብዜቱን ወደ አካፋዮቹ መመለስ ግን ዳገት ነው።

ስለ ቃላት አጠቃቀሜ አስቀድሜ ልናገር። ከ1 የሚበልጥ ሆኖ ከ1ና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለውን ቁጥር «ብቸኛ ቁጥር» እለዋለሁ፤ በመማሪያ መጻሕፍታችሁ ፕራይም የሚባለው ነው። አንድ ቁጥር በራሱ ሲባዛ የሚሰጠውን ውጤት «ካሬ» እላለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የአገራችን የዘመን ቀመር ሊቃውንት ቁልቁለቱን በሚገባ ያውቁት ነበር። በባሕረ ሐሳብ ንዑስ ቀመር 19 ዓመት፣ ማዕከላዊ ቀመር 76 ዓመት፣ ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት ነው። 76 የ4ና የ19 ብዜት ነው፤ 532 ደግሞ የ4፣ የ7ና የ19 ብዜት ነው። ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በየ4 ዓመቱ፣ ዕለታት የሚመላለሱት በየ7 ቀኑ፣ ፀሐይና ጨረቃ በቀመሩ የሚገናኙት በየ19 ዓመቱ ስለሆነ ሦስቱ ዑደቶች አብረው ወደ መነሻቸው የሚመለሱት በ532 ዓመት ነው። እዚህ ላይ አካፋዮቹ ከመጀመሪያው የታወቁ ናቸው፤ ሊቁ ከክፍሎቹ ተነሥቶ ጠቅላላውን አገኘ። የዛሬው ታሪኬ የሚጀምረው ጠቅላላው ብቻ ተሰጥቶ ክፍሎቹ በተሰወሩበት ቦታ ነው።

ይህን ታሪክ ለረጅም ጊዜ ሳስተምር አንድ ነገር ደጋግሞ ታይቶኛል። በየዘመኑ «ይህን ቁጥር የሚፈታው የለም» ያሉ ሰዎች ነበሩ። የተናገሩትን ከተከተለው ጋር ስናስተያየው፣ የለኩት የራሳቸውን ዘዴ ርዝመት ሆኖ እናገኘዋለን። ነገሩ የታሪክ ጉጉት ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድሁ ነበር። ዛሬ ግን በስልካችን የምንልከው ገንዘብና የምንጽፈው ደብዳቤ በብዙ ስፍራ የሚጠበቀው በዚሁ ዓይነት አባባል ነው።

ከጥንቱ እንጀምር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ በእስክንድርያ ያስተማረው ዩክሊድ በመጽሐፉ 7ኛ ክፍል ሁለት ነገሮችን አስቀምጧል። አንደኛው፣ ብቸኛ ያልሆነ ቁጥር ሁሉ አንድ ብቸኛ አካፋይ እንዳለው ያሳየበት ማስረጃ ነው። ሁለተኛው፣ የሁለት ቁጥሮችን ትልቁን የጋራ አካፋይ በተከታታይ በመቀነስ የሚያገኝበት ዘዴ ነው። የመጀመሪያው አካፋይ መኖሩን ይነግረናል እንጂ የት እንዳለ አይነግረንም። ሁለተኛው ደግሞ እጅግ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ሁለት ቁጥሮችን ይፈልጋል፣ እኛ በእጃችን ያለው አንድ ብቻ ነው። ይህን ሁለተኛውን ዘዴ በልባችሁ ያዙልኝ፤ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ እንደገና ይመጣል። ከዩክሊድ ጥቂት ቆይቶ የተነሣው ኤራቶስቴንስ በስሙ የሚጠራውን ወንፊት አወጣ፤ የ2ን ብዜቶች፣ ከዚያ የ3ን፣ ከዚያ የ5ን እየሰረዘ ሲሄድ ብቸኞቹ ቁጥሮች ወንፊቱ ላይ ይቀራሉ።

በእስልምናው ዓለም ሊቃውንት ዘንድ ጉዳዩ ሌላ መልክ ያዘ። በ1320 ገደማ ያረፈው ፋርሳዊው ከማል አድ-ዲን አል-ፋሪሲ ስለ ተዋዳጅ ቁጥሮች ጽፏል። ሁለት ቁጥሮች ተዋዳጅ የሚባሉት፣ የአንዱ አካፋዮች ከራሱ በቀር ሲደመሩ ሌላውን የሚሰጡ እንደ ሆነ ነው። እርሱ ያቀረባቸው ጥንዶች 17,296 እና 18,416 ናቸው። የመጀመሪያው የ16፣ የ23ና የ47 ብዜት ነው፤ ሁለተኛው የ16ና የ1,151። አካፋዮቹን በሙሉ ለመደመር 1,151 ብቸኛ መሆኑን አጥብቆ ማወቅ ያስፈልግ ነበር፤ አል-ፋሪሲም ለዚህ ሲል ቁጥሮች ወደ ብቸኛ አካፋዮች የሚፈቱበትን መንገድ በሥርዓት መረመረ።

በእነዚህ ዘመናት ሁሉ የነበረው ዋናው መንገድ መሞከር ነው። ቁጥሩን በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ7 እያካፈሉ መሄድ። ከሁለቱ አካፋዮች ትንሹ ከቁጥሩ ዳግም ዘር ስለማይበልጥ እዚያ ላይ መቆም ይቻላል። ለ1,261 ዳግም ዘሩ 35 ከምናምን ስለሆነ ሥራው ቀላል ነው። ባለ 10 አሐዝ ቁጥር ቢሆን ግን ሙከራዎቹ በሺዎች ይቆጠራሉ፤ በሠራተኛው ላይ የሚደርሰውን ድካምና የሚፈጠረውን የስሌት ስሕተት አስቡት።

ይህን መንገድ መጀመሪያ በእውነት የለወጠው የቱሉዙ ዳኛ ፒየር ደ ፌርማ ነው። በ1643 በተጻፈ ደብዳቤው 2,027,651,281ን ወስዶ ፈታው። በሙከራ ቢሆን ኖሮ ከ4,000 በሚበልጡ ብቸኛ ቁጥሮች ማካፈል ይጠይቅ ነበር። ፌርማ የተነሣው የሁለት ካሬዎች ልዩነት የሥሮቻቸው ድምርና ልዩነት ብዜት መሆኑን በማስተዋል ነው። ስለዚህ ቁጥሩን የሁለት ካሬዎች ልዩነት አድርጎ መጻፍ ከተቻለ አካፋዮቹ ተገኙ ማለት ነው። የቁጥሩ ዳግም ዘር ከ45,029 ጥቂት ይበልጣል። ከ45,030 ጀምሮ የእያንዳንዱን ካሬ ይወስዳል፣ ከዚያ ላይ ቁጥሩን ይቀንሳል፣ የተረፈው ካሬ መሆኑን ያያል። 45,030 ላይ የሚተርፈው 49,619 ነው፤ ካሬ አይደለም። እንዲህ እያለ በ12ኛው ሙከራ 45,041 ላይ ሲደርስ የተረፈው 1,040,400 ሆነ፤ ይህም የ1,020 ካሬ ነው። 45,041 ሲቀነስ 1,020፣ 44,021 ነው፤ 45,041 ሲደመር 1,020፣ 46,061 ነው። 12 ሙከራ ከ4,000 ጋር ይወዳደር።

ዘዴው ሁልጊዜ እንዲህ አይፈጥንም። ሁለቱ አካፋዮች ሲቀራረቡ ይፈጥናል፤ ሲራራቁ ከተራ ሙከራም የባሰ ይሆናል። ፌርማ ራሱም ከአንድ ትልቅ ግምት አላመለጠም። 2 በ32 ርቢ ላይ 1 ሲጨመር የሚገኘውን 4,294,967,297ን ብቸኛ ነው ብሎ አምኖ ነበር። ሌዎንሃርድ ኦይለር በ1732 በ641 እንደሚካፈል አሳየ፤ ሌላው አካፋይ 6,700,417 ነው። የኦይለር ዘዴ ውበቱ የት መፈለግ እንዳለበት አስቀድሞ ማወቁ ላይ ነው፤ የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋይ ሁሉ በ64 ሲካፈል 1 የሚተርፈው መሆን አለበት። እንዲህ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች በቅደም ተከተል 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ናቸው። በአምስተኛው ሙከራ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ምዕራፍ በሐዘን ነው የማስተምረው። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ ሰዎች የየቁጥሩን ትንሽ አካፋይ አንድ በአንድ በሰንጠረዥ መመዝገብን ሥራዬ ብለው ያዙት። በቪየና ያስተምር የነበረው አንቶን ፌልክል በ1776 እስከ 408,000 የሚደርስ ሰንጠረዥ በቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤት ወጪ አሳተመ። ገዢ ታጣ። ግምጃ ቤቱም ከጥቂት ቅጂዎች በቀር እትሙን ወርሶ ወረቀቱን ከቱርክ ጋር በተደረገው ጦርነት ለጥይት መጠቅለያ አዋለው። በፓሪስ ቡርክሃርት ከ1814 እስከ 1817 እስከ ሦስት ሚሊዮን ያለውን አወጣ። በሐምቡርግ በቃል ስሌት ዝነኛ የነበረው ዛካሪያስ ዳዘ፣ ታላቁ ጋውስ በ1850 በሰጠው ምክር ከስድስት ሚሊዮን በላይ ያለውን ሥራ ጀመረ፤ ሳይጨርሰው በ1861 ሞተ። የፕራጉ ፕሮፌሰር ያኮብ ፊሊፕ ኩሊክ ደግሞ ሃያ ዓመት ያህል ብቻውን ሠርቶ ከመቶ ሚሊዮን በላይ የሚደርስ በእጅ የተጻፈ ሰንጠረዥ አዘጋጀ። ከሞተ በኋላ በ1867 ስምንቱ ጥራዞች ለቪየናው አካዳሚ ተሰጡ፤ ከእነርሱም ሁለተኛው ጠፍቷል። የቀሩትን በኋላ የመረመሩ ሰዎች ስሕተቶች አግኝተውባቸዋል።

የእነዚህን ሰዎች ትጋት ከልብ አደንቃለሁ። መንገዱ ግን መጨረሻ የለውም፤ ቁጥሩ በአንድ አሐዝ በረዘመ ቁጥር ሰንጠረዡ በአሥር እጥፍ ይወፍራል። አንድ ሰው ዕድሜውን በሙሉ ሰጥቶ የሚጨምረው አንድ አሐዝ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው።

ጋውስ ይህን ከሌሎች ቀድሞ ያየ ይመስለኛል። በ1801 ባሳተመው «ዲስኩዊዚሲዮኔስ አሪትሜቲኬ» መጨረሻ ገደማ፣ ብቸኛ ቁጥሮችን ከሌሎቹ መለየትና የሌሎቹን አካፋዮች ማግኘት በሥነ ቁጥር ውስጥ እጅግ ጠቃሚ ከሆኑት ችግሮች አንዱ መሆኑን ገልጾ፣ የነበሩት ዘዴዎች አድካሚ መሆናቸውን ተችቶ የራሱን ሁለት ዘዴዎች አቀረበ። ልብ በሉልኝ፤ ጋውስ መለየትንና መፍታትን በአንድነት ነው ያነሣቸው። ሁለቱ ሥራዎች የተለያዩ መሆናቸው ጎልቶ የታየው ከ75 ዓመት በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማረን መርሴን በ1644 ባወጣው ዝርዝር 2 በ67 ርቢ ሲቀነስ 1 ብቸኛ ቁጥር ነው ብሎ ነበር። ቁጥሩ 147,573,952,589,676,412,927 ነው። በ1876 ኤዷርድ ሉካስ ይህ ቁጥር ብቸኛ አለመሆኑን አረጋገጠ፤ አንድም አካፋይ ግን አላሳየም። ተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ሁልጊዜ ይገረማሉ፤ ቤቱ ውስጥ ሰው መኖሩን እያወቁ ማን እንደሆነ አለማወቅ ነው። አካፋዮቹ 193,707,721 እና 761,838,257,287 መሆናቸውን በጥቅምት 1903 በኒው ዮርክ በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ያቀረበው ፍራንክ ኔልሰን ኮል ነው። ኤሪክ ቴምፕል ቤል እንደ ጻፈው ኮል አንድም ቃል ሳይናገር ሁለቱን ስሌቶች በሰሌዳው ላይ ሠርቶ ተቀመጠ፤ ምን ያህል ጊዜ ፈጀብህ ሲባልም የሦስት ዓመት እሑዶች አለ። ቤል ታሪክ ማሳመር የሚወድ ጸሐፊ ስለ ነበር ዝምታውን በጥርጣሬ እቀበለዋለሁ። እሑዶቹን ግን አምናለሁ።

አሁን ወደ ንግግሬ ዋና ቦታ ደረስሁ። በማንቸስተር ያስተምር የነበረው የምጣኔ ሀብትና የሎጂክ ሊቅ ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ በ1874 «የሳይንስ መርሆዎች» የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንዳንድ ሥራዎች በአንድ አቅጣጫ ቀላል፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ግን አስቸጋሪ መሆናቸውን ሲያስረዳ ምሳሌ አድርጎ 8,616,460,799ን አቀረበ። ይህ ቁጥር የየትኞቹ ሁለት ቁጥሮች ብዜት እንደሆነ ከእርሱ በቀር ማንም ያውቃል ብሎ እንደማይገምት ጻፈ። ሐሳቡ ዘመኑን የቀደመ ነው። የዛሬው የምሥጢር አጠባበቅ የቆመበትን የቁልቁለትና የዳገት ልዩነት ከመቶ ዓመት በፊት በግልጽ አይቶታል፤ ለዚህ ክብር ይገባዋል።

ምሳሌው ግን አልተሳካለትም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በካሊፎርኒያ ያስተምር የነበረው ዴሪክ ኖርማን ሌመር ቁጥሩን ፈታው፤ 89,681 እና 96,079 ናቸው። በ1996 ደግሞ ሰለሞን ጎሎም በጄቮንስ ዘመን የነበረ ሰው እንኳ በእጁ ሊፈታው ይችል እንደ ነበር በጽሑፍ አሳየ።

እስቲ እኛም በሰሌዳው ላይ እንሞክረው። መሣሪያችን የፌርማ ዘዴ ነው፤ ጄቮንስ መጽሐፉን ባሳተመበት ጊዜ ደብዳቤው ከተጻፈ 231 ዓመት ሆኖታል። የቁጥሩ ዳግም ዘር በ92,824ና በ92,825 መካከል ነው። ስለዚህ ከ92,825 እንጀምራለን። 92,880 ላይ ስንደርስ ካሬው 8,626,694,400 ነው፤ ከዚህ ላይ የጄቮንስ ቁጥር ሲቀነስ 10,233,601 ይተርፋል፤ ይህ የ3,199 ካሬ ነው። 92,880 ሲቀነስ 3,199፣ 89,681 ይሆናል፤ ሲደመር 96,079። ጠቅላላው 56 ሙከራ ነው። ሥራውን ግን ማሳጠር ይቻላል። የጄቮንስ ቁጥር በ4 ሲካፈል 3 ስለሚተርፈው የምንሞክረው ቁጥር ተጋማሽ መሆን አለበት፤ 28 ቀሩ። ካሬ ደግሞ በ2፣ በ3፣ በ7 ወይም በ8 ስለማያልቅ፣ መጨረሻቸው 4 ወይም 6 የሆኑትን መተው እንችላለን፤ 17 ቀሩ። ባለፈው ዓመት ይህን ለሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ያለ ካልኩሌተር ሰጥቻቸው ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ጨርሰውታል።

ጄቮንስ ምን አደረገ? ሁለት የሚቀራረቡ ብቸኛ ቁጥሮችን መረጠ፤ የፌርማ ዘዴ የሚፈጥነው ደግሞ በትክክል እንዲህ ባለው ላይ ነው። እርሱ ያየው ዳገት በማካፈል ለሚሞክር ሰው ከ8,000 በላይ እርምጃ ያለው ነበር። በጎን በኩል 17 እርምጃ ብቻ ያላት አቋራጭ ነበረች። ቁጥሩ ያው ቁጥር ነው፤ የተለያየው መንገዱ ነው። ዛሬ የምሥጢር ቁልፍ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ሁለቱ ብቸኛ ቁጥሮች እንዳይቀራረቡ የሚጠነቀቁት በዚሁ ምክንያት ነው።

የሚቀጥለው ትልቅ እርምጃ በ1920ዎቹ የሞሪስ ክራይቺክ ነው። ክራይቺክ የፌርማን ፍላጎት አላላው። የሁለቱ ካሬዎች ልዩነት ከቁጥሩ ጋር እኩል ባይሆንም የቁጥሩ ብዜት ከሆነ ይበቃል አለ። ይህም ብቻ ሳይሆን፣ አንድ የሚፈለግ ካሬ ባይገኝ ካሬ ያልሆኑ ትርፎችን አባዝቶ ካሬ መሥራት ይቻላል። በመጀመሪያ ያነሣሁትን 1,261 እንውሰድ። የ36 ካሬ ሲቀነስ 1,261፣ 35 ነው። የ37 ካሬ 108 ይተርፈዋል፤ የ41 ካሬ 420 ይተርፈዋል። ከሦስቱ አንዳቸውም ካሬ አይደሉም። ሦስቱን ብናባዛቸው ግን 1,587,600 እናገኛለን፤ ይህ የ1,260 ካሬ ነው! በሌላ ወገን 36፣ 37 እና 41 ተባዝተው በ1,261 ሲካፈሉ የሚተርፈው 389 ነው። ስለዚህ የ1,260 ካሬና የ389 ካሬ ልዩነት የ1,261 ብዜት ነው። 1,260 ሲቀነስ 389፣ 871 ነው። እዚህ ላይ በልባችሁ ያዙልኝ ያልሁት ዩክሊድ ይመጣል፤ አሁን ሁለት ቁጥሮች በእጃችን ስላሉ የ871ና የ1,261 ትልቁ የጋራ አካፋይ በጥቂት ቅነሳ 13 ሆኖ ይገኛል። በፌርማ ዘዴ ብቻ ብንሄድ 55 ላይ እስክንደርስ 20 ሙከራ በፈጀብን ነበር።

ለ1,261 ይህ ሁሉ ሥነ ሥርዓት ዝንብን በመድፍ መምታት ነው። ለትልልቅ ቁጥሮች ግን ከዚህ በኋላ የመጡት ኃይለኛ ዘዴዎች ሁሉ ከዚች ሐሳብ የተወለዱ ናቸው። በ1970 ሞሪሰንና ብሪልሃርት 2 በ128 ርቢ ሲደመር 1 የሆነውን ባለ 39 አሐዝ ቁጥር በኮምፒውተር ፈቱ። በ1981 ካርል ፖመራንስ የኤራቶስቴንስን ወንፊት ከክራይቺክ ሐሳብ ጋር አዋሕዶ «የካሬ ወንፊት» ሊባል የሚችለውን ዘዴ አወጣ። ትርፋቸው በትናንሽ ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ የሚፈታ ካሬዎችን በጥንታዊው ወንፊት መለቀም ማለት ነው።

ይህ በሆነበት ወቅት ዳገቱ ሥራ ተሰጥቶት ነበር። በ1977 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሮናልድ ሪቨስት፣ አዲ ሻሚርና ሌናርድ ኤድልማን አር.ኤስ.ኤ. የተባለውን የምሥጢር አጻጻፍ አወጡ። እንግሊዛዊው ክሊፈርድ ኮክስ በመንግሥት የስለላ ተቋም ውስጥ በ1973 ተመሳሳዩን ደርሶበት ነበር፤ እስከ 1997 በምሥጢር ተይዞ ቆየ። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን መርጬ አባዛለሁ፤ ብዜቱን ለዓለም ሁሉ እሰጣለሁ። ማንም ሰው በብዜቱ ተጠቅሞ ደብዳቤ ቆልፎ ሊልክልኝ ይችላል፤ መክፈት የሚችለው ግን አካፋዮቹን የሚያውቅ ብቻ ነው። ይህ እንዲሠራ ብቸኛ ቁጥሮችን መለየት ቀላል፣ መፍታት ግን አስቸጋሪ ሊሆን ይገባል፤ ሉካስ የከፈተው ክፍተት እዚህ ላይ ጠቀመ።

በነሐሴ 1977 ማርቲን ጋርድነር በታዋቂው የ«ሳይንቲፊክ አሜሪካን» ዓምዱ ባለ 129 አሐዝ ቁጥርና በእርሱ የተቆለፈ መልእክት አወጣ። ለፈታው 100 ዶላር ሽልማት ተዘጋጀ፤ ሥራው 40 ኳድሪሊዮን ዓመት፣ ማለትም 40 ሚሊዮን ጊዜ አንድ ቢሊዮን ዓመት እንደሚፈጅም ተገመተ። የፈጀው 17 ዓመት ነው። በ1994 ወደ 600 የሚጠጉ ፈቃደኞች በ1,600 ያህል ኮምፒውተሮች ስምንት ወር በሚሆን ጊዜ ሠርተው ቁጥሩን ወደ ባለ 64ና ባለ 65 አሐዝ አካፋዮቹ መለሱት። የኮምፒውተር ፍጥነት መጨመሩ እውነት ነው፤ ዋናው ግን የፖመራንስ ወንፊት በ1977 አለመኖሩ ነው። የተገለጠው መልእክት ስለ አንድ ቶሎ የሚጸየፍ «ኦሲፍሬጅ» የሚናገር ቀልድ ነበር። ቃሉ አጥንት ሰባሪ ማለት ሲሆን፣ በሰሜን ተራሮቻችን ላይ የሚያንዣብበው አጥንት ከሰማይ ጥሎ የሚሰብረው ባለ ጺም ጥንብ አንሣ በዚህ ስም ይጠራል።

ጄቮንስን በ1874፣ ጋርድነርን በ1977 ያሳተው አንድ ነገር ነው፤ ዘዴው ሲለወጥ ግምቱ ይፈርሳል። ዛሬስ የት ነን? በየካቲት 2020 ባለ 250 አሐዝ ቁጥር ተፈታ፤ ሥራው ለአንድ የኮምፒውተር አንጎል ቢሰጥ 2,700 ዓመት ያህል የሚፈጅ ነበር። በሥራ ላይ ያሉት የተለመዱ ቁልፎች 617 አሐዝ ስላላቸው በዚህ መንገድ ገና ሩቅ ናቸው። ይሁን እንጂ መፍታት በባሕርዩ አስቸጋሪ መሆኑን ያረጋገጠ የሒሳብ ሰው እስከ ዛሬ የለም። በእጃችን ያለው ብዙ ብርቱዎች ሞክረው አለመቻላቸው ነው። ብቸኛ ቁጥርን መለየትም አንድ ጊዜ እንዲሁ ክፍት ጥያቄ ነበር፤ በ2002 ግን በሕንድ ካንፑር ማኒንድራ አግራዋል ከሁለት ወጣት ተማሪዎቹ ካያልና ሳክሴና ጋር ፈጣን የሆነና በጥብቅ የተረጋገጠ ዘዴ አሳተመ። ማስረጃው አጭር ነው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች እንድታነቡት እመክራለሁ።

በ1994፣ ባለ 129 አሐዙ ቁጥር በተፈታበት ዓመት፣ ፒተር ሾር በኳንተም ኮምፒውተር ላይ ቁጥርን በፍጥነት የሚፈታ ስልት አወጣ። ስልቱ በወረቀት ላይ ትክክል ነው፤ የጎደለው በቂ መጠን ያለው መሣሪያ ነው። ባለሙያዎች መሣሪያው እስኪሠራ አልጠበቁም። በነሐሴ 2024 የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በአካፋይ ፍለጋ ላይ ያልተመሠረቱ አዳዲስ የምሥጢር አጠባበቅ ደረጃዎችን አወጣ። ችኮላው ምክንያት አለው። ዛሬ የተቆለፈ መልእክት ዛሬ ተቀድቶ ሊቀመጥና ከሃያ ዓመት በኋላ ሊከፈት ይችላል። የሕክምና መዝገብ፣ የፍርድ ቤት ሰነድ ወይም የመንግሥት ደብዳቤ የያዘ ተቋም ሁሉ፣ በአገራችን ያለውም ጭምር፣ ምሥጢሩ ስንት ዓመት መቆየት እንዳለበት ከአሁኑ ማስላት ይኖርበታል።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ዘዴዎችን ለመፈተን ከተዘጋጁት የውድድር ቁጥሮች መካከል ትልቁ 617 አሐዝ ነበረው፤ ሽልማቱ 200,000 ዶላር ሆኖ ውድድሩ በ2007 ተዘጋ። ቁጥሮቹ የተዘጋጁት ከመረብ በተለየ ኮምፒውተር ነው፤ ብዜቶቹ ከተቀዱ በኋላ አካፋዮቹን የያዘው የኮምፒውተሩ ማከማቻ ሆን ተብሎ ተሰባበረ። ጄቮንስ ቢያንስ እርሱ ራሱ መልሱን ያውቅ ነበር፤ የዚህን ቁጥር መልስ ግን ያዘጋጁት ሰዎችም አያውቁትም።

ጥያቄ ያላችሁ ሰሌዳው ሳይጠፋ ብትጠይቁ ይሻላል።